ከመንገድ መመለስና ቀደር



ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በሶዶ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ላንቴን ያገኛታል። በስተቀኙ የዓባያ ሐይቅ ተንጣሎ ይታየዋል። በስተግራው የጋሞ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። በመካከሉ ያለው ሜዳ ሙዝ የሚበቅልበት፣ ሙቀትና ወባ የማይለየው ቆላ ነው። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,170 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከጋሞ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ጉጌ 4,200 ሜትር ያህል ይደርሳል። ሰው ጧት ከሙዝ ጥላ ሥር ተነሥቶ ማታ እንሰት፣ ቀርከሃና ገብስ በሚበቅልበት ደጋ ሊያድር የሚችልበት አገር ነው።

ልጆቻችን ይህን ተራራ እያዩ ያድጋሉ። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ዓይናቸው ከእሱ ላይ አይነሣም። ከዚህም የተነሣ ነበር የሰፈራችን ወጣቶች ሰብሰብ ብለው በክረምቱ ቅዳሜና እሑድ ተራራ የሚወጣ አንድ ትንሽ ክበብ እናቋቁም ሲሉ ወደኔ የመጡት። በመድረሳ ስለማስተምራቸውና ከእነሱም ጋር መንገድ መሄድ ስለምወድ መሪ እንድሆን ጠየቁኝ። ተቀበልኩ።

አንዳንድ ወላጆች በመጀመሪያ ያነሡት ጥያቄ “ይህ ጨዋታ አይደለም ወይ? ልጆቹ ቂርአታቸውን ቢቀሩ አይሻልም ወይ?” የሚል ነበር። ለዚህ መልስ መስጠት አልከበደኝም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር በሩጫ እንደተወዳደሩ፣ ወሕይ ከመውረዱም በፊት ስንቃቸውን ይዘው ወደ ሒራእ ተራራ እየወጡ በዋሻው ያድሩ እንደነበር ሁላችንም የተማርነው ነው። ልጅ በክረምት ሥራ ፈትቶ መንገድ ዳር ከሚውል፣ ከታላላቆቹ ጋር ሆኖ የአላህን ፍጥረት እያየ ላብ ቢያወጣ የሚጎዳው ነገር የለም። ወላጆችም ይህን ተረድተው ልጆቻቸውን ሰጡን። ሲሰጡንም እንደ አገራችን ልማድ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ “አደራ” አሉን።

ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ተራራው ሳይሆን ስለዚህ ቃል ነው። ከእሱም ጋር፣ በአፋችን ብዙ ጊዜ ስለምናመላልሰው “ቀደር ነው” ስለሚለው ቃል ነው።

ጉዞ ማቀድ ቀላል ነገር ይመስላል። ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። ማን ይሄዳል? በየትኛው መንገድ? ስንት ሰዓት እንነሣለን? የት እንሰግዳለን? ምን እንይዛለን? ሁሉንም ጻፍን። ከታች ሙቀት ቢሆንም ሰው በየ1,000 ሜትሩ ሲወጣ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ ለልጆቹ አስረዳናቸው፤ ጋቢ እንዲይዙም አዘዝን። በአርባ ምንጭና በላንቴ ሜዳ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፣ እንደገናም በመስከረምና በጥቅምት የሚጥል በመሆኑ፣ በሐምሌ ሜዳው ደረቅ ሆኖ ሳለ ደጋው በጭጋግና በዝናብ ሊሸፈን እንደሚችል አነሣን። ከላይ ሲዘንብ ከደጋው ወርደው ዓባያ የሚገቡት ወንዞች ድንገት እንደሚሞሉም ተነጋገርን። ስለዚህ በወረቀቱ ግርጌ እንዲህ የሚል መስመር በገዛ እጄ ጻፍኩ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ድረስ የመጀመሪያው ትከሻ ላይ ካልወጣን፣ ባለንበት ዙህርን ሰግደን እንመለሳለን።

ለዳቦ፣ ለቴምር፣ ለሻይና እሑድ ከላይ ለሚመልሰን መኪና ከእያንዳንዱ ቤት 50 ብር ተዋጣ። ሁለት ቅዳሜዎች በዝናብ ምክንያት ተሰረዙብን። በሦስተኛው፣ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም.፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ 17 ሆነን ተነሣን።

ወደ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ዳገቱ መካከል ለዕረፍት ቁጭ ስንል አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እጆቹን በደረቱ ላይ አጣምሮ ተቀምጦ አየሁት። ሌሎቹ ቴምር ሲሻሙ እሱ አልተነሣም። ጠጋ ብዬ “ደክሞህ ነው?” አልኩት።

“አዎ ኡስታዝ፣ ትንሽ ነው” አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህችን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። “ምን ሆንክ?” አላልኩትም። “ደክሞህ ነው?” ነው ያልኩት። መልሱን አዘጋጅቼ ሰጠሁት፤ እሱም ተቀበለኝ። እጄን በግንባሩ ላይ ባደርግ ትኩሳቱን አገኘው ነበር። ያላደረግሁት ስለረሳሁ አይደለም። ካገኘሁት መመለስ እንዳለብን ስለማውቅ ነው። ሁለት ጊዜ የተሰረዘ ጉዞ ነው፤ የሰው ገንዘብ ወጥቷል፤ ከታች የቀሩ ወጣቶች “ሙዝ ጥላ ሥር ደርሰው ተመለሱ” ብለው እንደሚስቁብን አውቃለሁ። 7 ሰዓት ሆነ። ትከሻው ገና አንድ ሰዓት ያህል ይቀራል። ከወጣቶቹ አንዱ “ኡስታዝ፣ ሰዓቱ እኮ ደረሰ” አለኝ። እኔም “ኢንሻአላህ ምንም አንሆንም፤ ቀርበናል” አልኩት።

“ኢንሻአላህ” ታላቅ ቃል ነው። ባሪያው ጌታውን የሚያስቀድምበት ቃል ነው። በዚያች ሰዓት ግን እኔ የተጠቀምኩበት በገዛ እጄ የጻፍኩትን መስመር ለመሰረዝ ነበር።

ትከሻው ላይ የደረስነው 9 ሰዓት ሆኖ፣ ዝናብ እየወረደብን ነው። ልጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲመሽ የማይያያዝ ነገር ይናገር ነበር። የደጋው ሰዎች ማንነታችንን ሳይጠይቁ ቤታቸው አስገቡን። ቡልኮ አለበሱት፤ ከቡና ቅጠል የተፈላ ትኩስ መጠጥ አጠጡት። እንደማይሻለው ባዩ ጊዜ ግን ከእንጨት ቃሬዛ አሰናድተው፣ አራት አራት ሆነው እየተቀባበሉ፣ በጨለማና በጭቃ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ተሸከሙት። ብዙዎቹ ሃይማኖታቸው ከኛ የተለየ ነበር። ያን ሌሊት ግን ይህን ያነሣ ሰው አልነበረም። ልጁ ሕክምና ሲደርስ ወባው ጠንቶበት ነበር። ከቤት ሲነሣ ብርድ ብርድ ይለው እንደነበረ፣ ግን “ጉዞውን አበላሽብናለሁ” ብሎ እንደደበቀ ኋላ ነገረን። አልሐምዱሊላህ፣ ከሳምንታት በኋላ ተነሣ።

አባቱ ሆስፒታል ደጃፍ ሲያገኘኝ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። እሱ ግን እጄን ያዘና “ኡስታዝ፣ አይዘኑ። የአላህ ቀደር ነው። እርስዎ ምን ያድርጉ?” አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ትልቅ ሸክም ከትከሻዬ የወረደ መሰለኝ። እቤቴ ገብቼ ስተኛ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። “እርስዎ ምን ያድርጉ?” የሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው። እኔ ማድረግ የሚገባኝን አውቅ ነበር፤ በወረቀት ላይ ጽፌውም ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሁሉም ነገር በአላህ (ሱ.ወ.) ውሳኔ የሚሆን ከሆነ፣ እኔ በምን እጠየቃለሁ? የምጠየቅ ከሆነስ፣ የልጁ አባት የተናገረው ቃል ሐሰት ነበርን?

ለብዙ ቀን ካወጣሁና ካወረድኩ በኋላ የደረስኩበት እንዲህ የሚል ነው። የአባትየው ቃል እውነት ነበር፤ ያው ቃል ከኔ አፍ ቢወጣ ግን ማምለጫ ይሆን ነበር። ጉዳት የደረሰበት ሰው “ቀደር ነው” ሲል ሶብር እያደረገ ነው፤ ቁጣውን ለጌታው ሲል እየዋጠ ነው። ያጎደለው ሰው “ቀደር ነው” ሲል ግን የራሱን ጉድለት በጌታው ላይ እየጫነ ነው። አንድ ቃል ነው፤ የሚናገረው ሰው የቆመበት ስፍራ ግን ይለያያል። እኔ በዚያ ደጃፍ ላይ የሌላውን ሰው ሶብር ወስጄ ለራሴ ምሕረት አደረግሁት።

ይህን ነገር ከሰሐቦች ታሪክ ውስጥ እንደ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ታሪክ አጥርቶ ያሳየኝ የለም። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ (እ.ኤ.አ. 639) ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከሚባል ስፍራ ደረሱ። በዚያም የጦር አዛዦቹ አግኝተዋቸው ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር ብቻቸውን አልወሰኑም። በመጀመሪያ ሙሃጅሮችን አማከሩ፤ ሐሳባቸው ተለያየ። ቀጥለው አንሷሮችን አማከሩ፤ እነሱም ተለያዩ። በመጨረሻ ከቁረይሽ ሽማግሌዎች መካከል በመካ መከፈት ጊዜ የተሰደዱትን ጠሩ፤ እነዚህ ሁሉም በአንድ ቃል ሰዎቹን ይዘው ቢመለሱ እንደሚሻል ተናገሩ። ዑመርም ሲነጋ ለመመለስ ወሰኑ።

በዚህ ጊዜ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ሊሸሹ ነውን ሲሉ ጠየቋቸው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ የጠየቁትም ዑመር እጅግ የሚያከብሯቸው ሰው ናቸው። ዑመር የመለሱት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ ነው። ምሳሌም ጨመሩላቸው። አንድ ባለግመል፣ አንዱ ወገኑ ለምለም ሌላው ወገኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ውስጥ ቢወርድ፣ በለምለሙ ቢያሰማራም በደረቁ ቢያሰማራም በአላህ ቀደር ነው የሚያሰማራው፤ የሚል ነበር ትርጉሙ። ኋላም ለጉዳይ ሄደው የነበሩት ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትን፣ ሰው ባለበት አገር ከገባም ሸሽቶ መውጣትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደከለከሉ ነገሯቸው። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ።

የዚህን ታሪክ ፍሬ ነገር እናስተውል። ዑመር ቀደርን አልካዱም፤ ያልተቀበሉት ቀደር ወደፊት ባለው መንገድ ላይ ብቻ ነው ያለው የሚለውን አስተሳሰብ ነው። ወደፊት መሄድ ቀደር ከሆነ መመለስም ቀደር ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የጀመርነውን መቀጠል ብቻ ለአላህ መተው፣ መመለሱን ደግሞ ፍርሃት አድርገን እንቆጥረዋለን። ለመሆኑ ይህን ልዩነት ማን አስተማረን? ትምህርታችን አላስተማረንም፤ ኩራታችን ነው።

ሁለተኛም እናስተውል። ዑመር ለምለሙንና ደረቁን ወገን ሲያነጻጽሩ የተናገሩት ስለ እረኛ ነው። እረኛ የሚጠየቀው ስለራሱ ረኀብ ሳይሆን ስለ ግመሎቹ ነው። ብቻዬን ብወጣ ኖሮ ለራሴ ሕይወት በአላህ ፊት እጠየቃለሁ። የሰው ልጅ ይዤ ስወጣ ግን የወላጆቹ አደራ አለብኝ። መሪ የራሱን ድፍረት ከሌላው ሰው ሕይወት ላይ ሊመነዝር አይችልም።

“እንግዲያውስ ተወኩል የት ገባ?” የሚል ይኖራል። ተወኩል ያለው ከዝግጅቱ በኋላ ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ እንዳዘዙት ሁላችንም ሰምተናል። ከዚህ የበለጠ ትልቁ ማስረጃ ግን የራሳቸው የሒጅራ ጉዞ ነው። ያ ጉዞ በዝርዝር የታቀደ ነበር። አቡበክር (ረ.ዐ.) ሁለት ግመሎችን ለወራት ሲቀልቡ ቆይተዋል። መዲና ያለችው ከመካ በስተሰሜን ሆና ሳለ በመጀመሪያ የሄዱት በስተደቡብ ወዳለው የሰውር ተራራ ነው። በዋሻው ውስጥ ሦስት ሌሊት ቆዩ። የአቡበክር ልጅ ዐብዱላህ ሌሊት ሌሊት ወሬ ያመጣላቸው ነበር፤ አስማእ ስንቅ አዘጋጅታላቸዋለች፤ ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ በጎቹን ነድቶ ወተት እያመጣ ዱካቸውን ያጠፋ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ መሪም ተቀጥሮ ነበር፤ እሱም ያን ጊዜ ሙስሊም ያልነበረው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ነው። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ፣ አሳዳጆቹ ከዋሻው አፍ ላይ በቆሙ ጊዜ፣ ሰው ሊያደርገው የሚችል ምንም ነገር ባልቀረ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጓደኛቸውን በአላህ አጽናኑ። እኔ በ7 ሰዓት “ኢንሻአላህ” ስል ግን ማድረግ የምችለው ነገር አልቆ አልነበረም። ልሠራው የምችለው ሥራ ነበረ። ዞር ብዬ መውረድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ይህ ፈተና በትንሹ ተራራችን ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። ከዓለም ሁሉ ከፍ ባለው በኤቨረስት ተራራ (8,849 ሜትር) ላይ በግንቦት ወር 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) በአንድ ቀንና ሌሊት ማዕበል ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ከመካከላቸው ሁለቱ፣ የኒውዚላንዱ ሮብ ሆልና አሜሪካዊው ስኮት ፊሸር፣ ብዙ ልምድ ያላቸው መሪዎች ነበሩ። ወደ ጫፉ የሚወጣ ሰው ከቀኑ 7 ወይም ቢበዛ 8 ሰዓት ላይ የትም ቢሆን መመለስ እንዳለበት የታወቀ ነበር። ብዙዎቹ ግን ያን ሰዓት አልፈው ወጡ። ከተጓዦቹ አንዱ ከዓመት በፊት ጫፉ ጥቂት ሲቀረው የተመለሰ ሰው ነበር። ብዙ ገንዘብ የከፈለን፣ አንድ ጊዜ የተመለሰን ሰው እንደገና “ተመለስ” ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ በ50 ብር መዋጮ አውቄዋለሁ። ሰዓቱን የሚወስነው ሰው በሜዳ ሆኖ አእምሮው በረጋ ጊዜ ይወስናል። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ጫፉ በዓይኑ ይታየዋል፤ ያን ጊዜ የሚያስበው ሌላ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሚዛን እንዳንስት እሰጋለሁ። የደረሰ ጉዳት ሁሉ የአንድ ሰው ጥፋት ነው ማለት አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ የመሬት ናዳ ወርዶ ሰዎችን ቀበረ። የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤቶቻቸው ሮጠው ተሰበሰቡ። እነሱ ሲቆፍሩ ሌላ ናዳ ወርዶባቸው በድምሩ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። የሰው ሕይወት ለማዳን በባዶ እጁ ጭቃ ሲቆፍር የሞተን ሰው “ለምን ቀድመህ አላሰብክም?” የሚል ልብ ያለው ማን ነው? እዚያ ላይ ቀደር ብሎ ማልቀስ ነው ተገቢው። ስለዚህ ራሳችንን የምንጠይቀው ጥያቄ ግልጽ መሆን አለበት። ጉዳት ደረሰ ወይ ብቻ ሳይሆን፣ አውቄ ያለፍኩት ነገር ነበር ወይ ብለን እንጠይቅ። ያ የጎፋ ሰው አውቆ ያለፈው ነገር አልነበረም። እኔ ግን እጄን ከልጁ ግንባር ያራቅሁት አውቄ ነው።

ሌላም ክርክር አለ። “ልጁ ራሱ ደበቀ እንጂ እርስዎ ምን ያውቃሉ?” ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ። እውነት ነው፣ ደብቋል። ግን ማን አስተማረው? በየጉዞው “ያላማረረ ጎበዝ ነው፤ አንድም ቀን ደከመኝ አላለም” እያልኩ ሳመሰግን የኖርኩ እኔ ነኝ። ልጆች የሚያከብሩት ሰው ምን እንደሚወድ ቶሎ ያውቃሉ። መሪው ዝምታን ካሞገሰ ልጁ ሕመሙን ይደብቃል። በቤታችንስ እንዲሁ አይደለም እንዴ? “የኔ ልጅ አያስቸግረኝም” እያልን በእንግዳ ፊት የምናሞግሰው ልጅ፣ አንድ ቀን ችግር ሲገጥመው ለኛ ለመንገር አፉ ይያዛል። በኋላም “ለምን አልነገርከኝም?” እያልን እንቆጣዋለን።

“ታዲያ ሁልጊዜ የሚመለስ ሰው መቼ ተራራ ይወጣል? ልጆቹስ ፈሪ ሆነው አይቀሩም ወይ?” የሚለውም ሊናቅ የሚገባው ጥያቄ አይደለም። ፍርሃት ተቅዋ አይደለም። ግን መመለስ ሁልጊዜ ከፍርሃት የሚመጣ አይደለም፤ ከመቀጠል የበለጠ ድፍረት የሚጠይቅበትም ጊዜ አለ። ለዚህ ሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ የለብንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉና ከተፈናቀሉ በኋላ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ተቆጥተው ለበቀል ወጥተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ወጡና በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ያን ቀን የተመለሱትን ወጣቶች ፈሪ ያላቸው የለም፤ አገር ሁሉ አመሰገናቸው። ጉልበት እያለው፣ ቁጣ እያለው፣ መንገዱም ክፍት ሆኖ ሳለ የተመለሰ ሰው ነው ጀግና የሚባለው። እኛም በዚሁ አገር እየኖርን ልጆቻችንን መውጣትን ብቻ ካስተማርናቸው ጎደሎ ትምህርት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ክበቡን አላፈረስነውም፤ አሠራሩን ግን ለወጥን። ለሌሎችም ይጠቅም እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ከመነሣታችን በፊት እያንዳንዱን ልጅ በወላጁ ፊት “ሌሊት እንዴት አደርክ? ብርድ ብርድ ብሎሃል ወይ?” ብለን እንጠይቃለን፤ ትኩሳት ያለው ወደ ጤና ኬላ ይሄዳል እንጂ ወደ ተራራ አይሄድም። የምንሄድበትን መንገድና የምንመለስበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈን ከታች ለሚቀሩ ቤተሰቦች እንተዋለን። ከላይ ዝናብ ከታየ ወንዝ አንሻገርም። ሦስት ሰዎች መንገድ ሲወጡ አንዱን መሪ እንዲያደርጉ በሐዲስ እንደታዘዘው መሪ እንመርጣለን። ሰዓቱን ግን መሪው አይዝም፤ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ጫፉን አብዝቶ የሚወድ ሰው ሰዓቱን ሲይዝ ሰዓቱ እንደሚረዝም በራሴ አይቻለሁና። ማንኛውም ልጅ፣ ታናሹም ቢሆን፣ “እንመለስ” ቢል ምክንያቱን ሳንጠይቅ ቆመን እንመክራለን። በጉዞ የተመለሰ ቡድን መዋጮው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆይለታል፤ በገንዘብ ምክንያት ወደፊት የሚገፋ እንዳይኖር።

በዚያው ሳምንት ወደ ልጁ አባት ቤት ሄድኩ። “ወንድሜ፣ ቀደር ነው ያልከኝ አንተ ስለሆንክ እውነት ነው። እኔ ግን ያጎደልኩት ነገር አለ” ብዬ ስለ ጥያቄዋም ስለ ሰዓቱም ሳልደብቅ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ ይቅርታዬን ለማን እሰጠው ነበር?” አለኝ። ያን ጊዜ ነው ሌላ ነገር የገባኝ። ሁሉንም ነገር በቀደር ስም የሚሸፍን ሰው ለራሱ ተውበትን ይነፍጋል፤ ላጎደለበትም ሰው ይቅር የማለትን አጅር ይነፍገዋል።

ልጁ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ መጣ። አባቱ ራሱ ነበር ይዞት የመጣው። “አደራ” አለኝ እንደገና። ቃሏ ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደችኝ። በዚያ ጉዞ ሰዓቱን እንዲይዝ የመረጥነው ልጁን ነበር። ትከሻው ላይ ልንደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረን፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ ሳለ፣ ሰዓቱን አየና “ኡስታዝ፣ 7 ሰዓት ሆነ” አለኝ። ወደ ላይ አየሁ። ዝናብ የለም፤ የታመመ ሰው የለም፤ ጫፉ ቅርብ ነው። ልቤ “ዛሬ እንኳ ቢያልፍ ምን አለበት?” ማለቱን አልደብቃችሁም። ልጁ ግን ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነበር። ከኔ አፍ የሚወጣው ቃል ዕድሜውን ሁሉ አብሮት እንደሚኖር አወቅሁ።

እዚያው ዳገቱ ላይ ዙህርን ሰገድን። ከታች ዓባያ ፀሐይ አርፎበት ያበራ ነበር። ከዚያም ጋቢያችንን አጣጥፈን ወደ ላንቴ ወረድን።

አላህ አደራችንን የምንወጣ፣ ባጎደልንበትም የማንደብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።